አራት ወር

ሆጤ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ በኩል፣
አባቴ ተኝቶ የጣራ ሚስማር ይቆጥራል፤
ግራ እጁ ከድቶታል፣ ግራ እግሩ ከድቶታል፣
ምላሱ ከሸሸ ሁለት ክረምት አልፏል።
በየሁለት ሰዓት ማገላበጥ አለ፤
አንድ ሌሊት ቢታለፍ ጀርባው ቆሰለ።
ዘምዘም ታነሣዋለች፤ ጉልበቷ ይባረክ፣
ደሞዟን ሳስብ ነው የኔ ጉልበት 'ሚብረከረክ።
ዳይፐሩ በደርዘን፣ ቅባቱ በብልቃጥ፤
ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የኔ ተራ፣ መገላበጥ።

"ጡረታ አለው" አሉኝ፣ "ወታደር አልነበር?
ለአስታማሚው ደሞዝ አይጠፋም ጥቂት ብር።"

ፋይሉን በፌስታል ጠቅልዬ ፒያሳ ወጣሁ።
ጦሳ ጭጋጉን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤
ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ ደግሞ
አንድ ባለክራንች ትንፋሹን ይለቅማል።
ልለፈው አልለፈው ስል
"እለፊ" አለኝ፣ "እኔ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።"

ጸሐፊው ልጅ እግር፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤
ደመረ፣ ቀነሰ፣ ደግሞ ደመረው፦
"እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ነው።
አሥር መሙላት አለበት። አራት ወር ጎደለው።"

አራት ወር።
ድንች ተተክሎ የሚበላበት፣
የተወለደ ልጅ አንገቱ የሚጠናበት።
"ያኔ ቆስሎ ነበር፣ ሆስፒታል ተኝቶ።"
"መረጃስ?"
"መዝገቡ ነደደ፣ ጦርነት ገብቶ።"
"እንግዲያስ ምስክር፤ አብሮት የነበረ፣
ከነበሩት መሐል በሕይወት የቀረ።"

የቀረው አንድ ነው። አሥር አለቃ ሽበሺ፣
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ በጡረታው የሚኖር።
ስደውልለት ዝም አለ፤ ዝምታው ረዘመ፤
ካርዴ ሊያልቅ ሲል ነው "እመጣለሁ" ያለኝ።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጣ፤ መታጠፊያው አዙሮት፣
ፊቱ አመድ መስሎ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ።
አባቴ አየው። ደኅናው እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥታ፣
ተንቀጥቅጣ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ግንባሩ ደረሰች፤
ወታደራዊ ሰላምታ።
ሽበሺ አልመለሰም። ጓሮ ወጣ።

"ጦይባ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ፣
"እሱ የወደቀ ዕለት፣ ደሙን አይቼ ነው የጠፋሁት።
አራት ወር እናቴ ጎተራ ሥር ተደበቅሁ።
ስመለስ ሊረሽኑኝ ነበር፤
አባትሽ ካልጋው ሆኖ ጻፈ፦
'ሽበሺ አብሮኝ ቆስሏል፣ አብሮኝ ተኝቷል' ብሎ።
ቀን አለው። የሆስፒታሉ ማኅተም አለው።
ወረቀቱ የኔ ፋይል ውስጥ ነው።
በየወሩ የምቀበለው ብር የሱ ውሸት ነው።"

ምን ይባላል?
የአባቴን እውነት የያዘ
ያለው አንድ ውሸት ነው።

ሄድን። ፋይሉ ከምድር ቤት መጣ፣ አቧራውን ለብሶ፤
ልጁ አነበበው፤ ቀስ ብሎ፤ መልሶ።
"የሃምሳ አለቃው ተረጋገጠ" አለ፣ "ማኅተሙ ይነበባል።"
ከዚያ ቀና ብሎ ሽበሺን አየና፣
"አባቴ፣ እርስዎስ የት ላይ ነበር የቆሰሉት?"

የሽበሺ እጅ ወደ ሸሚዙ ቁልፍ ሄደ፤
አንዱን ፈታ። ሁለተኛው ላይ ቀረ።
ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከጎረቤት ክፍል የማኅተም ድም ድም፤
ልጁ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ከደነ።
"ኃላፊው የሉም" አለ በመጨረሻ፣ "ሰኞ ተመለሱ።"

የኮምቦልቻ መኪና አመለጠው፣ ወይም አልፈለገውም፤
ማታ እኛው ቤት አደረ።
ራት ላይ "አራት ወር ስንት ሌሊት ነው?" አለኝ።
"መቶ ሃያ" አልኩት።
ብርቱካኑን ልጦ ለአባቴ በጭላፋ ጨመቀለት።

ዘምዘም ሄዳ፣ እኔም ወንበር ላይ አሸልቤ ኖሮ
ስባንን ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ዘልዬ ተነሣሁ።
ሽበሺ ቀድሞኛል፤ አንድ እጁ ከትከሻው፣ አንድ እጁ ከዳሌው ሥር፣
የወደቀ ጓድ እንደሚነሣ አርጎ፣
ያኔ መሆን እንደነበረበት፣
ወደ ግድግዳው መለሰው፤ ትራሱን ከጀርባው ሸጎጠ።

"አንድ" አለ።
ለማንሣት የሚቆጥር መስሎኝ
ጠበቅሁ፤
ሁለት አላለም።