ሳይጮህ የወጣ

ገላን ዳር፣ ዱቄት ፋብሪካው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ከሚዛኑ እስከ አስፋልቱ የስንዴ መኪና፣ አሥራ ሰባት፤
ከባሌ፣ ከአሰላ የመጣ፣ ሸራው በጤዛ የራሰ፣
ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ መሪው ላይ የተንተራሰ።

እኔ በቆርቆሮዋ ክፍል፣ ኮምፒውተር ጉልበቴ ላይ፣
አስነሣሁት ደግሜ፣ እንዴት እንደሚሞት ላይ፦
ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሞተ።
ተነሣ። አንድ፣ ሁለት። ሞተ።
ስሕተት አላለ፣ አልተነፈሰ፣ ቃል እንኳ አልጎተተ።

ቅዳሜ ነው ያደስነው። «አዲሱ ይፈጥናል» ተብሎ፣
ስድስት ዓመት ያረሰው አሮጌ በአንድ ትእዛዝ ተነቅሎ።
ሚዛኑስ ደህና ነው፤ ብረቱ ክብደቱን ያውቃል፤
ቁጥሩን ለቢሮ የሚያደርሰው ግን መንገድ ላይ ይወድቃል፤
ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ፣ ስም እንጂ መልክ የሌለው፣
ሠሪዎቹ በጨዋታ «ጋኔን» ብለው የሚጠሩት ነው።

«ጋኔን?» አሉ ጋሽ ዲንቃ፣ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣
በትከሻዬ በኩል ወደ ብርሃኑ ዓይናቸውን አጥብበው።
«ጸበል ቦታ ስድስት ወር ወንድሜን አስታምሜያለሁ፤
ጋኔን ሲወጣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤
ስሙን ይናዘዛል፣ የት እንደያዘ፣ በየትኛው ቀትር፣
ለፍልፎ፣ ጮሆ ነው የሚወጣው፤ ይርገበገባል አጥር።
ዝም ብሎ የወጣ ግን…»
ራሳቸውን ነቀነቁ።

የኔስ ግልባጩ ነበር፤ ቄሱ «ውጣ» ሲል፣ እኔ «ግባ»፣
«አትሂድብኝ፣ እስኪነጋ ብቻ» እያልኩ የምባባ።

ዲስኩን አየሁ፤ ቦታ አለው። ወደቡን አየሁ፤ ክፍት።
የዕለት መዝገቡን ገለጥኩ፤ ከቅዳሜ ወዲህ የለበት ምልክት፤
የአሮጌው ስንብት ብቻ፦ «በሰላም ቆሜያለሁ»፤ ከዚያ ባዶ።
ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ አንጀቴ ነድዶ።
ትብለጥ ከሚዛኑ መስኮት፦ «በእጅ ልጻፍ?» «ቆዪ!» አልኳት።
ቃሲም ከመኪናው ወርዶ፦ «እህቴ፣ ስንዴው ሊበቅል ነው
ሸራው ሥር፣ በዚች ሌሊት።»

ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ጅብ ጮኸ።
«እሱ እንኳ ይጮኻል» አሉ ሽማግሌው።
«ያንቺውን አፉን ለጉመውት እንዳይሆን፤ እስቲ ፊትሽ አቁሚው።»

ፊቴ አቆምኩት። ከጀርባ ሳይሆን፣ በአዲስ ስሙ ጠርቼ።
አንዲት መስመር ተፋ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩ ተጠግቼ፦
«ደብተሩን እንድከፍት አልተፈቀደልኝም።»

አሮጌው የቤቱ ጌታ ነበር፤ የማይከፍተው በር የለውም።
አዲሱን ለጥንቃቄ ብለው ሎሌ አደረጉት፣ ስም ሰጡት፣
ደብተሩ ግን በጌታው ስም ቀረ፤ ለሎሌው አላዛወሩት።
ሊጽፍ ይሄዳል፤ ይከለከላል። «ተከለከልኩ» ሊል ይሻል፤
የሚልበት ደብተር ያው ነው። ዝም ብሎ ይሞታል።

ይህን ለጋሽ ዲንቃ ነገርኳቸው። ቆዩ፣ እጅጌያቸውን እያዩ።
«እኛንም በመስከረም አደሱን» አሉ።
«ኤጀንሲ መጣ። ኮፍያ ሰጡን። ስማችን የሰፈረበት፣
ቅሬታ የምንጽፍበት ደብተር ግን ቢሮ ተቆልፎበት፣
ቁልፉን የያዘው ከድሮዎቹ ጋር ሄደ። ሦስት ወራችን ነው።»
ስለ ደሞዝ እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው፣ ቆይቶ ነው።

ያኔ ጣቴ ቸኩሎ ነበር። ደብተሩን በሎሌው ስም አዞርኩት።
ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር… እስከ መቶ ቆጠርኩት።
የቃሲም መኪና ሚዛን ላይ ወጣች፤ ብረቱ ቃተተ፤
አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ፤
ቁጥሩን ደብተሩ ውስጥ ከተተ።

በሁለት ሳምንቴ ልፈትሽ ሄድኩ። መዝገቡ ይለፈልፋል፤
በየደቂቃው የሆነውን ሁሉ፣ ያልሆነውንም ይጽፋል።
በሩ ላይ ያው ሰማያዊ ልብስ፣ እጅጌው የታጠፈ፣
ውስጡ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ ያረፈ።

«ጋሽ ዲንቃስ?»
«ወጡ።»
«ምን ብለው?»
«ምንም።»

ዱላው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ እንዳስደገፉት፣ አለ።