ሰማያዊ ክር

ቢቶም ላይ ዝናብ ነው። ማዕድኑ ቢዘጋም
ጥላሸቱ ዛሬም ከጡቡ አልጠራም።
ላፕቶፔን በብብቴ ሸጉጬ እንደ ዳቦ
የአረጋውያኑን ቤት ደረጃ ወጣሁት፣ ጫማዬ ውኃ ጠግቦ።
ፓን ቦግስላቭ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤
ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤
እንደ ጎረቤት ልጅ ያዩታል፣
«አንተ፣ አርፈህ ተቀመጥ» እንደማለት።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እሳቸው ጢማም ጎልማሳ ሳሉ
ከገበያው ጀርባ ተጎታች ቤት ነበረቻቸው፤
ጎማዋ የተነፈሰ፣ መስኮቷ በጥቁር ቀለም የታወረ፣
በሯ ሲከፈት ጭስና ድምፅ የምትተፋ፦
ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣
ከላይ የሚወርድ የጠላት ሰልፍ፣ አረንጓዴ፣
እንደ ሸረሪት፣ እንደ ሸርጣን፣ እንደ ሒሳብ አስተማሪዬ።
ከታች አንዲት መርከብ።
ከኋላዋ አገር የላት፣ ከፊቷ ሰላም የላት፣
ግራና ቀኝ ብቻ ነው እግዜር የፈቀደላት።

አንድ ሳንቲም፣ ሦስት ነፍስ።
እኔ ግን ሳንቲሜን በምስማር በሳሁት፣
ከእናቴ የስፌት ሣጥን በሰረቅሁት ሰማያዊ ክር አሰርሁት፣
ጉሮሮው እስኪውጠው ለቀቅሁት፣
እንደ ጉድጓድ ባልዲ መልሼ ሳብሁት።
በአንዲት ሳንቲም ስንቴ ሞትሁ! ስንቴ ተነሣሁ!
ቄሱ ይህን ባይሰሙ ደግ ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ በነፃ።
የማላውቀው ሰው፣ ምናልባት ሊዝቦን፣ ምናልባት ኦውሉ፣
እንቅልፉን ሰውቶ እንደገና ጻፈው፣ ከሀ እስከ ፐ፣ ሙሉ፤
«እንኩ» አለ፣ «ኮዱንም ጭምር፤ ገልብጡ፣ ቀይሩ፣ አካፍሉ።»
ከመቅጽበት አወረድሁት። ተጫወትሁ እስኪነጋ።
መርከቧ እንደ ቅቤ ትንሸራተታለች፤
ከዋክብቱ የታጠበ ብርጭቆ ናቸው።
አንድ ነገር ግን ጎደለኝ፦
ማጅራቴ ላይ የፓን ቦግስላቭ ትንፋሽ፣
መዳፌ ላይ የክሩ ላብ፣
ያ ፍርሃት።
በነፃ ሲሰጡኝ መስረቅ አቃተኝ።

«ፓን ቦግስላቭ» አልሁ፣ «ዕዳ አለብኝ።»
ተናዘዝሁ፤ ክሩን፣ ቀዳዳውን፣ ሁለት በጋ ሙሉ።
ቆይተው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉን ውጠው፣
«ሰማያዊ ነበር» አሉ።
«ማታ ማታ ሣጥኑን ስከፍት
የጨዋታው ቁጥርና የሳንቲሙ ቁጥር አይተዋወቁም።
ከጉሮሮው ሰማያዊ ቃጫ እነቅል ነበር፤
ቁምጣህም የተጣፈው በዚያው ክር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ማሽኑስ የማን ሆነና?
የጃፓኖቹን ሰሌዳ አንድ የዋርሶ ሰው በስውር ገልብጦ
በጨለማ የሸጠልኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ!
ሌባ ሌባን ቢሰርቅ ዳኛው ማን ይሆናል?»
እጃቸውን አወናጨፉ፣
ወይም እጁ በራሱ ተወናጨፈ፤ መለየት ያስቸግራል።

ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት።
«ይሄ ፈቃድ አለው?»
«አለው። የሁሉም ነው።»
«እንግዲያ አይጣፍጥም» አሉ። ጣታቸውን ግን አስጠጉ።
ተኩሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ዱብ፣ ዱብ።
እጃቸው ቁልፉን ሲነካ መርከቧም ተንቀጠቀጠች፤
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እንደ በረዳት ዶሮ ተርገፈገፈች፤
እሳቱ በግራዋ አለፈ፣ በቀኟ አለፈ፣
አንዱም አላገኛት!
ሐኪም በክኒን ሊያስረው የሚታገለው መንቀጥቀጥ
እዚያ፣ በጥቁሩ ሰማይ፣ ብልሃት ሆነ።
እኔ በጤነኛ እጄ ሦስተኛውን ዙር አልፌ አላውቅም።
አምስተኛው ላይ ነን፤ አፋቸው ተከፍቷል፤
መነጽራቸው ውስጥ ትንንሽ ሸርጣኖች ይወርዳሉ።

ነርሷ ክኒን ይዛ ብቅ አለች።
«አንድ ደቂቃ» አሏት፣ ዞር ሳይሉ።
እኔም በትርፍ እጄ ከኪሴ አንድ ዝሎቲ አውጥቼ
ቁልፎቹ አጠገብ አኖርሁ።
በግራ እጃቸው ወሰዱት፣
ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ
በሁለት ጣት ዳሰሱት፣
ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ።