ሦስተኛው ዘምሟል

በፍሪስላንድ ዳርቻ፣ ውሃ በቀን ሁለቴ መሬቱን ጥሎ ሲሄድ፣
ዛፍ እንተክላለን ባሕር መሃል፣ ለመንገድ።
ላይጸድቅ፣ ላያፈራ፤
ጣቱን ቀስሮ ሊቆም ብቻ፣ ሌላም የለው ሥራ።

ከባሕር ስትገባ
በግራህ ያለው በርች፣ ጭራሮው ወደ ላይ የተበተነ፣
በቀኝህ ያለው፣ ቁልቁል ታስሮ መጥረጊያ የሆነ፤
በዛፍና በመጥረጊያ መሃል ነው ውሃው፤
ከዚያ ወዲያ የጀልባህን ሆድ አሸዋ ነው የሚይዘው።

መብራት የላቸውም። የቀን ሠራተኞች ናቸው።
ሲመሽ ዝም ይላሉ፤
የመሸበት መርከበኛም መልሕቁን ጥሎ
እስኪታዩት ያድራል፣ ኮቱን ተጠቅልሎ።

የክረምት በረዶ በየዓመቱ ነቅሎ ይወስዳቸዋል፤
አጎቴ ሀቦ በየሚያዝያው መልሶ ይተክላል።
አርባ ሁለት ሚያዝያ።
ዘንድሮ ወገቡ እምቢ ቢለው፣ ዘንጉን ለእኔ ሰጠኝ፤
"መንገዱን ታውቂዋለሽ" ብቻ ነው ያለኝ።

አላውቀውም ነበር።
እሱ ሲተክል የኖረበት ቦታ ዘንጉን ብሰድ፣ አሸዋ፤
ቁርጭምጭሚት የማያርስ ውሃ።
ስክሪኑ ላይ ሳተላይቱ አሮጌውን ቦይ
ሰማያዊ ቀብቶ ያሳየኛል፤
ባሕሩ ግን ክረምቱን ሙሉ
አልጋውን ወደ ምሥራቅ ሲያነጥፍ ከርሟል።

ክንድ በክንድ ለካሁ። ከአጎቴ ቦታ
መቶ ሃያ እርምጃ ርቄ፣
ጭቃውን በቧንቧ ውሃ ሰርስሬ፣
አንድ በአንድ ተከልሁ፣ መዳፌ እስኪላጥ።
የባሕር ወፍ መጥቶ አንደኛው ጫፍ ላይ ዐረፈ፣
ኩሱን ጥሎብኝ ሄደ። መረቀኝ እንበል።

አጎቴ ግድቡ ላይ ቆሞ፣ በመነጽር ያየኛል።
አንድ ጊዜ እጁን አነሣ።
መልሶ አወረደው።

ውሃው ሲመለስ የኦኮ መርከብ መጣች፤
ስድሳ መንገደኛ፣ የፖስታ ከረጢት፣
ትዕግሥት ያለቀባት አንዲት ላም ጭና።
አፍንጫዋን ወደ አሮጌው ቦይ አቀናች፣
አመነታች፣
ቀስ ብላ ዞራ በበርቾቼ መሃል ገባች።
ሆዷን ምንም አልነካት።
ስድሳ ነፍስ አሻገረ፤
እሱ ግን አልጸደቀም፣
ጭቃ ውስጥ እንደ ቆመ ቀረ።

ማታ ቤቱ ሄድሁ፤ ቦት ጫማዬን ደጅ አወለቅሁ።
ስለ ቦዩ አልጠየቀኝ፤ ስለ አሸዋው አልጠየቀኝ።
ጀርባውን እንደ ሰጠኝ ሾርባውን አማሰለ፣
ቀመሰ፣ ጨው ጨመረ፣
"ሦስተኛው ዘምሟል" አለ።