ማን ተረፈ?

ሐሙስ ማታ፥ ማጠቢያው ማሽን ዞሮ ዞሮ ሲያርፍ፣
ፕሮስፐር መጣ፤ እስክሪብቶው ከጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ዘርፍ።
የአሥራ ስምንት ሰው ስም ይዟል፤ ግማሹ ተሰርዟል፣
ያልተሰረዘውም በጎኑ የጥያቄ ምልክት ይዟል።

ግሌብ የጉልበቱ ጅማት፣ በአሽዶዱ ጨዋታ፤
ማንም አልነካው፤ ዞር ሲል ብቻ «ቋ» ብሎ የተፈታ።
ኒዳል የታፋው ሥጋ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣
«ድኛለሁ» ባለ ማግስት፤ መቸኮል ሆኖበት አባዜ።
ሻልቪ ቁርጭምጭሚቱ፤ ያውም ሜዳ ላይ አይደለም፣
አማቱን ቤት ሲያስቀይር፣ ፍሪጅ ሲሸከም።
አማካዩ በጄሶ፣ በረኛው ጣቱ በፋሻ፣
ወገብ፣ ተረከዝ፣ ብሽሽት... እስከ ገጹ መጨረሻ።

«ሚ ኒሽአር?» አለ። «ማን ተረፈ» ማለት ነው በዕብራይስጥ፤
የገዛ ድምፄን ሰማሁት፣ ከልብሱ እንፋሎት ውስጥ፦
«ተረፈ።»

«ማነው ማንዲ?» አለኝ (ማንደፍሮ ማለት ይከብደዋል)።
ተረፈ የአያቱ ስም ነው፤ ልጁ ኤልያቭ ይባላል፤
አሥራ ሰባት ዓመት ከአራት ወር፤ ማታ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ይቆልላል።
ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር ከሠፈሩ ለሙከራ፣
ሁለቴም «ቀጭን ነው፣ ይብላ» ተብሎ የተመለሰ ከተራ።

ልብስ አጣቢም መልማይ ነው፤ ባይጠይቁትም ቅሉ፤
የፈሪ ማሊያ ንጹሕ ነው፤ የአስመሳይ፥ አፈር ነው ጉልበቱ ሁሉ።
የዚህ ልጅ ግን ግራ ጎኑ፣ ከብብቱ እስከ ዳሌ፣
ሣር የጠጣ ነው ሁሌ፤
ተንሸራቶ ኳስ የሚነጥቅ፥ የማይሸሽ ሰው ምልክት፣
ሌላው የሚያየው እንደ እድፈት።

አርብ ሳይነጋ ግሌብ መጣ፣ በሁለት ምርኩዝ እያነከሰ፤
በአንዱ ጫፍ መሬቱን ጭሮ ሜዳ ሠራ፣ አፈረሰ፣
ደግሞ ሠራ፣ አፈረሰ።
«አጥቂ ሲመጣብህ» አለው፣ «ዓይኑን ተወው፤ ወገቡን ጠብቅ፤
ዓይን መዋሸት ይችላል፤ ወገብ ግን አያውቅ።»
ቦታውን በእጁ ሲሰጥ አየሁት፣ ሳይሞት እንደሚያወርስ፣
ከረጢቱን ሲያራግፍ፣ አንድ ፍሬ ሳያስቀር ለራስ።

እኔ ደግሞ በመርፌዬ የግሌብን ማሊያ አጠበብኩት፣
በየጎኑ ሁለት ጣት፤ ጨርቁን ግን አልቆረጥኩት፤
ትርፉን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ በሰፊ ስፌት፣ በላላ፤
ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይድናል፣ ስፌት ይፈታል የኋላ ኋላ።

ጨዋታው ሰንበት ሳይገባ፣ በቂርያት ጋት ጠራራ፤
አያ ተረፈ ጃንጥላ ይዘው፣ አልተቀመጡም ከሰው ጋራ።
በአራተኛው ደቂቃ ልጁ ዓይን አየ፤ ተታለለ፤
ጎል ገባብን። ፕሮስፐር ኮፍያውን አውልቆ ዝም አለ።
አላወጣውም። ማንን ሊያስገባ? የቀረው አንድ በረኛ ነው፣
እሱም የአርባ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው።
ተተኪ እንዲህ ነው የሚገኝ፤ በጥበብ አይምሰላችሁ፤
አንዳንዴ ሌላ ሰው ስታጡ ነው ትዕግሥት የሚያድርባችሁ።

በሰባኛው፥ ያው አጥቂ ዳግም መጣ፤ ትከሻው ወዲህ፣ ዓይኑ ወዲያ።
ልጁ ወገብ አየ።
ተንሸራተተ። ኳሷ ወጣች። ሣሩ ታተመ በግሌብ ማሊያ።
ከአጥሩ ሥር ሁለት ምርኩዝ አየር ላይ ወጣ፣
ባለቤቱ ሊወድቅ ነበር፣ ኒዳል ደግፎት ባይመጣ።

ተሸነፍን፤ አንድ ለባዶ። ሽማግሌው ቀረቡና፣
ስለ ጎሉ አልጠየቁም፤ ጨዋታ አያውቁም ገና፤
«እግሩ ተረፈ?» አሉኝ ብቻ።
«ለዛሬ» አልኩ በሆዴ።
«ተረፈ» አልኩ በአፌ።

ልብሱ ሳይነካ ዋለ፤ ሰንበት ነውና ተውኩት፤
ቅዳሜ ሦስት ኮከብ ሲታይ ማሽኑን ሞልቼ አዞርኩት።
የሦስት ቁጥሩን ማሊያ ግን ለይቼ፣ በእጄ አሻሸሁ፤
አረንጓዴው አልለቀቀም።
እኔም ብዙ አልታገልኩም፤ ገመዱ ላይ ሰቅዬው አየሁ።