ስንዝር

ከተማዋ ሱር ናት፣ ባሕር የጎረሳት፣
ግማሿን ውጦ፣ ግማሿን የተፋት፤
ከዐረብ ምድር ሁሉ ፀሐይ ቀድማ ’ምታያት።

በመጣሁ በማግስቱ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣
ሽማግሌው ጠራኝ፤ አጎነበስኩ ለሰላምታ።
«አነ ሱሪ» አለኝ፣ ደረቱን በጣቱ መታ።
«የሱር ሰው ነኝ» ነበር፤ እኔ ምን አውቄ?
በሻሼ ጫፍ ታፍኖ ቀረ እንጂ ሳቄ።
ሱሪ የታጠቀ ስንት ወንድ አይቻለሁ፣
ሱሪ ራሱ ነኝ ያለ ያኔ ገና አየሁ፤
ያውም በጀለቢያ!

ጁምዓ ነው ስሙ። መርከብ ሠሪ ነበር፤
ንድፍ የለ፣ ወረቀት የለ፣ በዓይኑ ልክ የሚያስር።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ዛሬ የሚያይ በእጁ፣
እኔ ነኝ ምርኩዙ፤ ለዚሁ ነው የቀጠረኝ ልጁ።

አመሻሽ ላይ፣ ወበቁ ሲረግብ፣
ክንዱን ይዤ እንወርዳለን ወደ ድሮው ወደብ።
እሱ ያወራል፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ፣
ዐረብኛዬ ገና ዳዴ ይላል።

«እዚህ፣ የቆምሽበት፣ ሳንቡክ ተደርድሮ፣
የመዶሻው ድምፅ ነበር የሰፈሩ አውራ ዶሮ።
ጣውላ ከማላባር፣ ቅርንፉድ ከዛንዚባር፣
ከባስራ ተምር፤
ጌታችን ነፋስ ነው፦ ሲነሳ ትሄጃለሽ፣
ሲዞር ትመጫለሽ፤
አልዞር ካለ ደግሞ እዚያው ትወልጃለሽ።»

ከዚያ እንፋሎት መጣ፣ ነፋስ የማይለምን፤
ሱር ጾም ያዘች፣ መፍቻው የማይታወቅ ቀን።
ጎረምሳው ኩዌት ሄደ፣ የሰው ዘይት ሊቀዳ፣
በወር ደመወዝ፣ በሰው ቤት፣ ልክ እንደ እኔ እንግዳ።
ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
የእኔ ጆሮ ደግሞ ያኔ ነው የነቃው።

ዛሬ ሱር ጠግባለች። ከቀልሃት ማዶ
ጋዝ ይጫናል ሌሊት፣ እሳቱ ነዶ ነዶ፤
አራት ክብ ሆድ ያላት መርከብ ትወጣለች ጭና።
ዓሣ መዛኙ ከቺታጎንግ፣ ልብስ ሰፊው ከኬረላ፣
የአገሬው ጎረምሳ በመኪና አሸዋውን ሲቆላ፣
ደክሞት ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ በርገር ሲበላ።
እኛ ደግሞ አርብ አርብ፣ ፈቃድ ያገኘነው፣
ከድልድዩ ሥር ቆመን የምናወራው ስለ ባጣቃ ነው፣
ስለ ምንዛሪ፣
ስለ ዘውድነሽ ጥርስ፣ ማዳሟ አላስነቅልም ስላለቻት።

በግቢው የቀረው ሳንቡክ አንድ ነው፣ የጎን አጥንቱ የወጣ፤
ፎቶ ሊያነሳው እንጂ ባሕር ሊያወርደው ማንም ያልመጣ።
ትናንት እጁን ይዤ ጣውላው ላይ አኖርኩለት።
አውራ ጣቱን ተከለ፣ ትንሿን ዘረጋ፣
እንደ አባጨጓሬ ተኮማተረ፣ ተዘረጋ፣ ደግሞ ተጠጋ፣
«ስንዝር» አለ።
«ስንዝር።»
«ስንዝር።»

እግሬ አሸዋው ላይ ተጣበቀ። «ማነው ያስተማረህ?»
«ምኑን?» «ይህንን ቃል።» «የአናጢ ቃል ነው፣ የሱር ነው፣ ምን ሆነሽ?
ሌላው አገር ‹ሺብር› ይላል፤ በእኛ ግቢ ስንዝር ነው፤
አባቴም እንዲህ ነው፣ አባቱም እንዲህ ነው የለካው።»
«አባቱስ ከየት ነው?»
ፊቱን ወደ ጨው ውሃው አዞረ።
«ከባሕር» አለ። አበቃ።

ቅርንፉድ፣ ተምር፣ ጣውላ እያለ ሲቆጥርልኝ የሰነበተው፣
አንድ ጭነት ነበረ፣ ያልቆጠረው።
ኮንትራት ያልፈረመ፣ ባጣቃ የሌለው፣
ነፋሱ ቢዞር እንኳ የማይመልሰው፤
ስሙን ቀምተው ሌላ ስም ቢሰጡት፣
መዳፉን ግን ማን ይፈትሸው?
እዚያ ውስጥ ደብቆ አንዲት ቃል አሻገረ፣
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት የምትረዝም።

እጄን ከእጁ አጠገብ ዘረጋሁ። በአንድ ጣት ያንሳል።
«ስንዝር» አልኩ፣ በእኛ ቀዬ አፍ።
ጆሮውን አቀና። ፈገግ አለ።
«እንግዲህ» አለኝ፣ «አንቺም ሱሪ ሆንሽ።»

አልሳቅኩም።
የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ከራት በፊት ሁለት።
አሸዋውን ከጫማው አራግፌ፣ ይዤው ገባሁ ቤት።