የኦርፊሊያ እጅ

በሞንቴቪዴኦ፣ እሑድ ገና ሲነጋ፣
አሮጌ ወረቀት ከዛገ ቁልፍ ጋ፣
ከተሰበረ ወንበር ጎን ተዘርግቶ ሲጠብቅ የሰው ዋጋ፣
እኔ አንሴልሞ ኤቼቬሪ፣ የትራም ቲኬት ቆራጭ የነበርሁ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊርማ ስለቅም ኖርሁ።

የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ፤ የአንድ ፕሬዚዳንት፤
ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ሐውልቱ ላይ አለለት፣
ከኛ ይልቅ ርግቦች የሚያዘወትሩት።

ሚስቴ ትለኝ ነበር፦ «ጫማህ አፍ አውጥቶ ጠጠር እየጎረሰ፣
ደመወዝህ ሁሉ ለሙት ቀለም ፈሰሰ።»
እውነቷን ነው። ግን ያ ፊርማ ብቅ ሲል፣
የፊተኛው ፊደል እንደ ፈረስ አንገት ቀጥ ሲል፣
ጭራው ወደ ግራ ዞሮ እንደ ጅራፍ እልም ሲል፣
«አገር የገዛ ክንድ!» እያልሁ፣ በማጉያ መነጽር ሥር ትንፋሼን ውጬ፣
መቶ አሥራ ሁለት ሰበሰብሁ፣ ካፖርቴን ሳይቀር ሸጬ፦
የሹመት ደብዳቤ፣ የወደብ ውል፣ ለእስረኛ ምሕረት፣
ጎርፍ ለበላት መንደር «ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው» ማለት።

ባለፈው ሐምሌ ግን፣ ነፋስ ከወንዙ ሲጋረፍ፣
ከባሲሊዮ በገዛሁት ጥራዝ፣ ከሁለት ገጽ መካከል ተጣብቆ በዝገት መርፌ ጫፍ፣
እንዲህ የሚል ተገኘ፦
«ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣ አውራ ጣቴ አብጧል፤
የፕሬዚዳንቱን ስም በቀን ሁለት መቶ ጊዜ መፈረም አቅቶኛል፤
ሐኪሙም ‹ዕረፍት› ብሏል።
አሥር ቀን ይፈቀድልኝ። የገዛ ስሜን ስጽፍ እንኳ፣ ይቅርታ፣
የሳቸው ጭራ እየመጣ ያስቸግረኛል።»
ኦርፊሊያ ቤንታንኩር፣ ጸሐፊ።

በጠርዙ ላይ፣ በሌላ ቀለም፦ «አምስት ይበቃታል።»
ከሥሩ አንድ ጭረት፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።
የሱ ነው። እውነተኛው። ከመቶ አሥራ ሦስት አንዱ።

ባሲሊዮ ዐይኑ በራ፦ «ጠርዟን ቆርጠህ ስጠኝ፣ ቤት ትገዛልሃለች፤
የቀረችው ሐሰት ናት፣ ለዓሣ መጠቅለያ ትሆንሃለች።»
ሐሰት?
እስረኛው ከበር የወጣ በዚያች እጅ ነው፤
መንደሪቱ ያለቀሰች ያንን አንብባ ነው።

አልቆረጥሁም። ማታ ሁሉንም አልጋዬ ላይ ዘረጋሁ፣
ማመልከቻዋን ከመሃል አኖርሁ፣
ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣
ለዚያች ላበጠች እጅ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፤
አምስቱ ቀን በቅቷት ይሆን?
ይህን የሚነግረኝ ወረቀት በየትኛው እሑድ ይገኛል?