ሁለተኛው እጅጌ

ከቼርቮ ወንዝ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ጠረጴዛ አለን፣ መስኮት የተጠጋ፣ ብርሃን እንዲያይ።
እኩሉ ለምሳ፣ እኩሉ ለስፌት፣
ጨውና አዝራር የተቀላቀሉበት።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ሰማንያ አራት ዓመቷ፤
ዓይኗ ቢደክም እንጂ አልደከመም ጣቷ።
እዚሁ ቢየላ፣ ከሱፍ ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት
ጥቅል ጨርቅ ሲዘረጋ ጉድፉን ስታድንበት፣
የተበጠሰ ክር በመርፌ ስትተካ
ኖራለች፣ ማንም ሳያውቅባት እጇ እንደነካ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ጡረታዋ ከወሩ አጋማሽ ላይ ይቆማል፤
ለኔ የምትከፍለኝም አብሮት ያነክሳል።
ክኒን ልቆጥርላት፣ ማታ ላስተኛት ነበር አመጣጤ፤
«ሲንዱ» ትለኛለች፣ ስንዱ ማለት አቅቷት፤ ለምዶታል ጆሮዬ፣ ትቼዋለሁ ቁጣዬን፣ እልኸኛነቴ።

ሁለታችን እንቅልፍ ያጣን ሌሊት ነው ይህ ሥራ የመጣ፤
ከአሮጌ ካልሲ ውስጥ አንድ ትንሽ ሹራብ ወጣ።
ከዚያ ቀሚስ፣ ከዚያ ባለ ቆብ ካባ፣
ደረቱ ላይ ጥልፍ፣ የሽንብራ አበባ።
ሹራብ ስሠራላቸው የጥርስ ስንጥር ነው ዘንጌ፤
ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም የአንዱ ኮት እጅጌ።
ከስንዝር እምብዛም ለማትበልጥ ወይዘሮ
ከፍ ያለ አንገትጌ፣ ኪስም ተጨምሮ።
«ኪሱ ምን ይሠራል?» ብዬ ነበር አንዴ።
«ኪስ የሌለው ኮት፣ ኮት ይባላል እንዴ?»

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዷ ዋጋ ጠየቀች፤
ሃያ ሁለት ዩሮ ስንላት ሳቀች።
«ለአሻንጉሊት? የልጄ ጃኬት ከዚህ ይረክሳል!»
እኔ አፈርኩ። ኤርሲሊያ፦ «ልጅሽ ስለሚያድግ ጥፋቱ ይረሳል፤
ይቺ ግን አታድግም፤ አንድ ስፌት ቢዛባ
ዕድሜዋን በሙሉ ትኖራለች ያንኑ ደርባ።»
ሴትዮዋ አልገዛችም። ቆንጆ መልስም ቢሆን
የድንኳን ኪራይ አይከፍልም መሰለኝ፤ ዝም አልን።

ማታ ሒሳብ አለ፤ ደብተሩን እኔ ነኝ የምይዝ፦
ለክር ስድስት፣ ለፖስታ ዘጠኝ፣ እኩሌታው ለጋዝ።
የቀረው ብስኩት በነበረበት ቆርቆሮ ይገባል፤
ስንነቀንቀው ድምፁ ከገንዘቡ ይበልጣል።
እናቴ ትል ነበር፦ «መርፌ ቢሰበሰብ አይሆንም ማረሻ።»
እውነቷን ነው። እኛስ መች እርሻ አለን? ያለን የመስኮት ዳር ድርሻ።

በኅዳር ከኩኔዮ አንድ ሣጥን ደረሰ፣
ውስጡ አንዲት አሻንጉሊት፣ ፀጉሯ እንደ ክዳን ሣር የፈራረሰ።
ግራ ክንዷ የለም።
በእርሳስ ተጽፏል፦ «ኮት ስፉላት፤ ብርዱ አያስተኛትም።
ፊያሜታ።»

ለክቼ ቆረጥኩ፤ ባለ አንድ እጅጌ አደረግኩ።
በግራ በኩል ጨርቁን አጥፌ፣ ዘግቼ፣ በካውያ አለሰለስኩ፤
ማንም እንዳያውቀው፣ ኤርሲሊያ እንዳስተማረችኝ።
ዳበሰችው፣ ምንም አላገኘች። «ጎበዝ» አለችኝ።

በሳምንቱ ኮቱ ተመልሶ መጣ፤
ስፌቱ አልተፈታ፣ አዝራሩም አልታጣ።
«አመሰግናለሁ። ግን አንድ እጅጌ ቀርቷል።
ክንዷ እኮ አልጠፋም፤ አያቴ ቤት ነው፣ ገና ይፈለጋል።»

ኤርሲሊያ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝ።
ብዙ ቆየች። ራዲያተሩ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ ግን አላየችኝ።
«መቀስ አምጪ» አለች። አመጣሁ።
ያንን የማይታይ ስፌቴን ራሷ ፈታችው፣ በጣቷ እየተከተለች፤ ቆሜ አየሁ።
እጅጌውን እኔ፣ ገበሩን እሷ ሠራን።
«ከቀኙ ሰፋ ይበል» አለች ስንጨርስ፣ «ብርድ ላይ የከረመ ክንድ ያብጣል።» እንደገና ለካን።

ደብተሩ ላይ ሰፈረ፦ «እጅጌ፣ አንድ፣ ባዶ።»
የዋጋው ዓምድ ክፍት ነው። ሣጥኑ በማለዳው አውቶቡስ ቁልቁለቱን ወርዶ
ኩኔዮ ሳይደርስ አይቀርም እስካሁን።
ነገ የጋዝ ሒሳብ አለ። ቡናማው ክር ይበቃን ይሆን?